የኮዬ ፈጬ ማዕድ ቤት

በአዲስ አበባ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በዕጣ የተሰበሰብነውን ሰዎች፣ አንዱ ከልደታ፣ ሌላው ከካዛንቺስ፣ ሌላውም ከመርካቶ ዳርቻ መጥቶ፣ የቀድሞ ጎረቤቱን ገና በኅሊናው ይዞ አዲሱን ጎረቤቱን በስሙ እንኳ ሳያውቅ በአንድ ደረጃ ይወጣና ይወርድ የነበረውን ሕዝብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርሱ ያነጋገረው ምን እንደ ነበረ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ በበዓል ዋዜማ ከፎቅ ወደ ፎቅ ይወጣ የነበረው የዳቦ መዓዛና እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው የምግብ ዝግጅት ነው ብዬ ያለ ማመንታት እመልሳለሁ። ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም፣ የብሎኩ ኮሚቴም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ትራንስፖርቱ ብዙ ተብሏል፤ ወደ ፊትም ይባላል። ስለ ማዕድ ቤቱ ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ትዝታው ሳይደበዝዝ ያየሁትንና የቀመስሁትን በጽሑፍ ማኖር ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ዕጣው የወጣው የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከወር ደመወዛቸውም ከልጆቻቸውም አፍ እየቀነሱ ሲቈጥቡ ለኖሩት የአዲስ አበባ ሰዎች በዚያ ቀን ከ50 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች በዕጣ ተደለደሉ፤ ሆኖም በይዞታው ላይ ከተነሣው ክርክር የተነሣ ቁልፍ ተቀብሎ ለመግባት ረጅም ጊዜ መታገሥ አስፈልጎ ነበር። ስፍራው ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ አጠገብ ያለ፣ ስንዴና ጤፍ፣ ሽንብራና ምስር ይዘራበት የነበረ ዋልካ መሬት ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ክረምት የገባነው ሰዎች ጫማችንን በጭቃው እየተነጠቅን ነበር የምንመላለሰው። ያ መሬት ትናንት የገበሬ ሲሳይ እንደ ነበረ ማሰብም ይገባል፤ እኛ በመዲናይቱ መካከል ተቀምጠን፣ ከወዴት እንደ መጣ ሳንጠይቅ፣ ዱቄቱን እየገዛን ስንጋግረው የኖርነው ስንዴ ከእንዲህ ያለው መሬት የታፈሰ ነበርና።

ቤቱ መልካም ነው፤ ማዕድ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። ግቢ ውስጥ ለብቻው በቆመ ማዕድ ቤት፣ ማገዶ ከግራ፣ ጉልቻ ከፊት፣ ቡሃቃና ሰፌድ ከግድግዳው ላይ ሰቅላ ያደገች ሴት፣ በድንገት በአንድ መስኮትና በአንድ የውኃ ቧንቧ መካከል ስትቆም፣ እጇ የለመደውን ስፍራ ያጣል። ብዙዎቹ እናቶች በመጀመሪያው ወራት፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ድፎ ዳቦ እንዴት ተደርጎ ይደፋል?» እያሉ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት ድፎ ዳቦ በአሮጌው ቤት እንዴት ይደፋ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

እናቴ ለዳቦ የሚሆነውን ስንዴ ራሷ ለቅማ፣ አጥባ፣ በፀሓይ አስጥታ ካላስፈጨችው በስተቀር ዱቄት ብላ አትጠራውም ነበር። በዋዜማው ዕለት ከቀትር በኋላ ዱቄቱን በወንፊት ነፍታ፣ ጥቁር አዝሙዱንና ነጭ አዝሙዱን አሽታ፣ ኮረሪማውን ፈልፍላና ወቅጣ፣ ከዚያም በለብታ ውኃ የተበጠበጠውን እርሾ በመካከሉ አፍስሳ ማቡካት ስትጀምር፣ እኛ ልጆች ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በበሩ ላይ እንቆም ነበር፤ ምክንያቱም እናቴ ዳቦ በምታቦካበት ሰዓት ከአፏ የሚወጣው ጸሎት ብቻ ነበር። ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ሲያድር፣ በማለዳ ነጠላው እንደ ተራራ ተነሥቶ ይታይ ነበር። ኮባው በእሳት ላይ ለስለስ ተደርጎ ከምጣዱ ላይ ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደፋበታል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ ኮባ ይለብሳል፤ ከታች እሳት፣ ከላይም በብረቱ ክዳን ላይ ፍም ይደረጋል። ጥበቡ ሁሉ በሁለቱ እሳቶች መካከል ያለውን ሚዛን መጠበቅ ነው፤ የታችኛው ቢበረታ ቂጡ ያርራል፣ የላይኛው ቢበረታ ፊቱ ጠቁሮ ሆዱ ጥሬ ይቀራል። ኮባው ሲለበለብ የሚሰጠው መዓዛ፣ ከአዝሙዱና ከኮረሪማው ጋር ተቀላቅሎ፣ ከአጥሩ ማዶ ላለው ጎረቤት እንኳ የበዓሉን መድረስ ያበሥር ነበር።

ይህ ሥራ በቤታችን ከምግብ ሥራ ከፍ ያለ ማዕርግ የነበረው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጋር ስለ ተቆራኘ ጭምር ይመስለኛል። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት ከንጹሕ ስንዴ በቤተ ልሔም በካህናትና በዲያቆናት እጅ እንደሚዘጋጅ፣ እናቶችም ከስንዴያቸው የተሻለውን መርጠው መገበሪያ አድርገው እንደሚያቀርቡ እያየን ስላደግን፣ ዱቄት ማለት ለእኛ ተራ ነገር አልነበረም። በነሐሴ 13፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡት ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል፣ በወር በወሩ በማርያምና በሚካኤል ስም የሚቈረሰው የዝክር ዳቦ፣ ከሰንበቴው ማዕድ ለደሀው የሚደርሰው ቍራሽ፣ እነዚህ ሁሉ አንዲት ሴት በባልትናዋ የምትሰጠው አገልግሎት ነበሩ። እጇ የተባረከ ነው የተባለላት ሴት፣ ገንዘብ ባይኖራትም፣ በሰፈሩ ውስጥ የሚሰማ ቃል ነበራት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘመን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በደርግ ጊዜ ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በካርድ ይታደል በነበረበት ወራት፣ እናቴ ባልትናዋን ከቁጥብነት ጋር አንድ አደረገችው። በእርዳታ የመጣ ዘይት ካለቀ በኋላ ባዶው ቆርቆሮ ተቈርጦና ጠርዙ ታጥፎ መጋገሪያ ይሆናል፤ የደረቀው ዳቦ በቅመምና በቅቤ ተለውሶ ፍርፍር ይሆናል፤ የተረፈው እንጀራ በፀሓይ ደርቆ ድርቆሽ ተብሎ ለክረምት ይቀመጣል፤ የብርቱካኑ ልጣጭ እንኳ ሳይጣል ደርቆ ለሻይ ይቀመጥ ነበር። ይህን ሁሉ ስታደርግ የድህነት ኀፍረት በፊቷ ላይ አይቼ አላውቅም። ያየሁባት የሚያኮራ ሥራ የሚሠራ ሰው ፊት ነበር።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልመለስና፣ ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1963፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጁሊያ ቻይልድ የምትባል ሴት የፈረንሳይን አበሳሰል በቴሌቪዥን ማስተማር ጀምራ፣ ከምድጃ ርቆ የቈርቆሮ ምግብ ይበላ የነበረውን የአሜሪካ ቤተ ሰብ ወደ ድስቱ እንዲመለስ እንዳደረገችው ይነገርላታል። በእኛ አገር ግን የወጥ አሠራር በመስታወት ውስጥ ሆኖ ለሕዝብ የሚታይ ትምህርት ይሆናል ብላ ያሰበች እናት በዚያ ዘመን የነበረች አይመስለኝም፤ ልጅቱ ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ፣ ሽንኩርቱን እየላጠች፣ በዓይኗና በአፍንጫዋ ነበር የምትማረው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 የተቋቋመው ኢ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ከተስፋፋ በኋላ ነው ይህ ነገር የተለወጠው። ጆርዳና ከበዶም በማዕድ ቤት ዝግጅቷ፣ በፈረንሳይ አገር በሊዮን የሠለጠነው ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም ከክልል ወደ ክልል እየተዘዋወረ የአገሩን ምግብ በማሳየቱ፣ እንዲሁም እሁድን በኢቢኤስ በሚባለው ዝግጅት በበዓል ሰሞን የሚቀርቡት የወጥና የዳቦ ሥራዎች፣ ቢላዋና ማንኪያ በያዘ ሰው ፊት ሙሉ ቤተ ሰብ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ አደረጉ።

በኮዬ ፈጬ ይህ የማየት ፍቅር ልዩ መልክ ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ዲሽ የተከለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ዝግጅቱ በሚተላለፍበት ሰዓት የአንዱ ቤት በር ይከፈታል፤ ከሦስተኛው ፎቅ ወንበሯን ይዛ የመጣችው፣ ከምድር ቤቱ ሕፃን አዝላ የወጣችው፣ ገና ሥራ ያላገኙት ወጣቶችም ሳይቀሩ ተሰብስበው፣ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ የዱቄቱንና የስኳሩን መጠን ስትጽፍ፣ ሌሎቹ በየመካከሉ ሲከራከሩ ይታያሉ። ቡና ደግሞ አይቀርም። አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ልጅቱ በብርጭቆና በማንኪያ እየለካች ስትጽፍ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ዳቦ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑን ዓይንሽ አይነግርሽም?» ቢሏት፣ «እማማ፣ የእርስዎ እጅ ሚዛን ሆኖልዎታል፤ የኔ እጅ ገና አልተማረምና እስኪማር ልጻፈው» ብላ መለሰችላቸው። እማማም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ የኔንም ጻፊው» አሏት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ በልምዳቸው እያቦኩ፣ እርሷ ግን እያንዳንዱን እፍኝ ከመጨመራቸው በፊት ወደ ብርጭቆ እየገለበጠች ለካችው። በእኔ ግምት ያ ደብተር በብሎካችን ውስጥ ካሉት ንብረቶች ሁሉ የላቀ ዋጋ ያለው ነው።

ድፎው ዳቦም መድኃኒቱ ተገኘለት። የኤሌክትሪክ ምጣዱ እሳቱ ከታች ብቻ ስለ ሆነ፣ ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ ይደፋና፣ ከታች ያለው ወገን ሲበስል ሁለት ሰው ሆኖ በሰፌድ ይገለብጠዋል። ኮባው ከገበያ ይመጣል፤ ከታጣም በእርጥብ ጨርቅና በመጋገሪያ ወረቀት የሚሠሩ አሉ፤ መዓዛው ግን አንድ አይሆንም፤ በዚህ ነገር የእናቶቹን ወገን እይዛለሁ። ማገላበጡ ለብቻ የማይቻል ሥራ ስለ ሆነ ጎረቤት መጥራት ግድ ነው፤ ዳቦ ለመገልበጥ የተጠራችው ሴት ሳትቀምስ አትሄድም፤ እንዲህ እየሆነ፣ በሳምንቱ ውስጥ የማይነጋገሩ ሁለት በሮች በበዓል ዋዜማ ይከፈታሉ። መብራት በመካከሉ ሲጠፋ ደግሞ፣ ሊጡ በጋቢ ተሸፍኖ የጋዝ ሲሊንደር ወዳለበት ቤት ሲጓዝ፣ ልጆች ከፊት ከፊት በስልክ እያበሩለት በደረጃው ላይ አይቻለሁ።

ኬኩ ግን ብዙ አስቸገረ። በዩቲዩብ ከባሕር ማዶ የሚያስተምሩት ሴቶች በሚሰጡት መጠን የጋገሩት ሁሉ፣ ኬኩ በፎርኖው ውስጥ በውበት ተነሥቶ፣ ሊወጣ ሲል መካከሉ እየሰረጐደ ያሳፍራቸው ነበር። ከፊሉ እንቁላሉን፣ ከፊሉ ዱቄቱን፣ አንዳንዱም የጎረቤት ዓይንን ወነጀለ። ምክንያቱን የነገሩን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውኃም በዚህ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ሊጡን ከመጠን በላይ ይነፋዋል፤ እንቁላሉና ዱቄቱ ረግተው አረፋውን ሳይዙት አረፋው ይፈነዳል፤ ስለዚህም መካከሉ ይወድቃል። ፈውሱም ከተጻፈው ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ያህሉን መቀነስ፣ ስኳሩን ጥቂት ማሳነስ፣ ዱቄቱንና ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ ፎርኖውንም በደንብ ማጋል ነው። ይህ ዕውቀት ከደረጃ ወደ ደረጃ፣ ከብሎክ ወደ ብሎክ ተላለፈ፤ አሁን በሰፈራችን ቤኪንግ ፓውደር ሳትቀንስ የምትጋግር ሴት ብትኖር ገና የገባች እንግዳ ናት።

ከሁሉ የበለጠ የተደነቅሁት በጾም ኬክ ነው። ምእመናን በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ በሚጾሙበት አገር፣ እንቁላልና ወተት የሌለው ኬክ የግድ የሚፈጠር ነገር ነበር፤ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶችም ከታወቀ ቆይቷል። ዘዴውን በቤት ለሠራ ሰው ግን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ይሆንለታል፦ በእንቁላሉ ፈንታ ሶዳ ከአቼቶ ወይም ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ሲገናኝ፣ ኮምጣጣውና ሶዳው ተዋሕደው የሚያወጡት አረፋ ሊጡን ያነሣዋል፤ ዘይቱ ቅቤውን ይተካል፤ የደረቀው የብርቱካን ልጣጭ ተወቅጦ መዓዛ ይሰጠዋል። ሊጡ አረፋው ሳይጠፋ በፍጥነት ወደ ፎርኖ መግባት አለበት፤ ቆሞ ወሬ ማውራት አይፈቀድም። በሰፈራችን የሚኖር አንድ መዘምር በሁዳዴ የልደት ቀኑን ያከበረበት ኬክ እንዲህ ተሠርቶ ነበር፤ የበሉት ሁሉ ጾማቸውን ጠብቀው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ይህ ሁሉ ሥራ ዕቃ ይፈልጋል፤ ለአዲስ ቤት ባንክ የሚከፍል ሰው ደግሞ አዲስ ዕቃ መግዛት ይከብደዋል። በዚህ ጊዜ ነው የኮዬ ፈጬ ሰው ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ የተመለሰው። በዚያ ስፍራ ወንዶች ከማለዳ እስከ ማታ አሮጌ በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ፣ የምጣድ ክዳን፣ መጥበሻና የዳቦ መጋገሪያ ይሠራሉ፤ ለአንዲት ሴት የሚያስፈልጋትን ስፋትና ጥልቀት በእጇ ብታሳያቸው፣ ቡና ጠጥታ እስክትመለስ ድረስ አበጅተው ይሰጧታል። የኬኩ ቅርጽ ማውጫ የሆነው ብዙ ጊዜ ባዶ የኒዶ ጣሳ ነው፤ ረጅምና ክብ ኬክ ያወጣል። ሚስቴ ከዚያ ተራ ያገኘችው ፎርኖ የመስታወቱ አንድ ጠርዝ የተሰነጠቀ፣ ቀለሙም የተላጠ አሮጌ ነበር፤ የሚግለውን ሽቦ አስለውጣ፣ ግራ ቀኙን በአመድና በሎሚ አሽታ ካጸዳችው በኋላ፣ በብሎካችን ውስጥ ስንት የልደትና የክርስትና ኬክ እንደ ተጋገረበት እግዚአብሔር ያውቀዋል። በዚያ አሮጌ ፎርኖ ላይ የነበራትን ደስታ ያህል፣ በአዲስ ዕቃ ስትደሰት አላየኋትም።

ከዕቃ ንግዱ ሁሉ ልቤ የሚወደው ግን ልዋጩን ነው። ነጋዴው አዲስ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆና ሰሐን ተሸክሞ በሕንፃዎቹ መካከል እየጮኸ ሲያልፍ፣ ሴቶች ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው ያረጀ ኮትና ያለቀ ጫማ እያሳዩ ከላይ ወደ ታች ይደራደሩታል፤ ድርድሩን መላው ብሎክ ስለሚሰማው ማንም ማንንም ማታለል አይችልም። ቁራሌው ደግሞ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ይወስዳል። ከቤት የወጣ ነገር ሁሉ እንደ ገና ወደ ሰው ቤት የሚገባበት መንገድ እንዲህ የተዘረጋ በመሆኑ፣ በዚህች ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው ከብዙ ባለጠጋ አገሮች ያነሰ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአካባቢው ገበሬ ቤት ወተት እያመጣች የምትሸጥልን አንዲት ኦሮሞ እናትም አለች። ከወተቱ በቀር አንድ ቀን ጭኮ ይዛ መጣች፤ የገብሱ ቈሎ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ተለውሶ፣ በቅል ተደርጎ፣ ለወራት ሳይበላሽ እንደሚቆይ እያስረዳች ለሴቶቹ ሁሉ አቀመሰች። በቴሌቪዥን ያልታየ፣ በስልክ ያልተላከ፣ ከቅርብ ጎረቤት የመጣ ትምህርት ነበር። ሴቶቹም በፋንታቸው ህምባሻ ሰጧት። ስለዚህ ስፍራ በጋዜጣ ከተጻፈው ክርክር ሁሉ ይልቅ በእኔ ኅሊና የቀረው ይህ የጭኮና የህምባሻ ልውውጥ ነው።

ይህን የምግብና የመጋገር ፍቅር ከንቱ ቅንጦት ነው፣ ፈረንጅን መምሰል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እቴጌ ጣይቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1887 በእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያዘጋጁት ታላቅ ግብር፣ ከየአውራጃው የመጣውን ምግብ በአንድ ማዕድ ላይ ስላገናኘ፣ ታሪክ ጸሓፊው ጄምስ ማካን የኢትዮጵያ የምግብ ሥርዐት አንድ ሆኖ የታየበት ጊዜ አድርጎ ጽፎታል። በአንድ ደረጃ ላይ የጉራጌው ክትፎ፣ የትግሬው ህምባሻ፣ የኦሮሞው ጭኮና የሸዋው ዶሮ ወጥ ሲለዋወጡ የማየው እኔም፣ ያው ሥራ በትንሹ ሲፈጸም የማይ ይመስለኛል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመጀመሪያውን የመንግሥት የእራት ግብዣ እንዲያዘጋጅ የተጠራው፣ በኢትዮጵያ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን መሆኑን የሰሙ የሰፈራችን ልጆች፣ ምግብ ማብሰል የወንድም የሴትም ክቡር ሙያ እንደ ሆነ ከእርሱ ተምረዋል። በብሎካችን ሊጥ የሚያቦኩ ወጣት ወንዶች አሉ፤ አባቶቻቸውም ይህን አይተው ዝም ብለዋል፤ ከዝምታውም አልፈው በልተዋል።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ስለ አገራችን ምግብ በሰፊው የታወቁት መጻሕፍት፣ ዳንኤል ጆቴ መስፍን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 በአሜሪካ ያሳተሙትም፣ ሼፍ ዮሐንስ በዚሁ አቈጣጠር በ2018 ያወጣውም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የድፎ ዳቦውን እሳት ሚዛን የምታውቀው እናት በራሷ ቋንቋ የምታነበው ደብተር ሊኖራት ይገባል።

ስለዚህ በኮዬ ፈጬና በየኮንዶሚኒየሙ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲሠሩ ለማጠቢያ፣ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ታስቦ የተሠራ ኮሚናል ቤት አለ፤ በብዙ ቦታ ግን ተቈልፏል ወይም ለሌላ ሥራ ተከራይቷል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ፤ አንድ ክፍል ለዳቦ መጋገሪያ እንዲለቀቅ በስብሰባችሁ ላይ አንሡ፤ አንድ አሮጌ ፎርኖና ሁለት ምጣድ ካዋጣችሁ የቀረውን እናቶቹ ይሞሉታል። ሁለተኛውም፦ በሚመጣው በዓል ዋዜማ እናታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሊጥ ስታቦካ አጠገቧ ተቀመጡ፤ እያንዳንዱን እፍኝ ከመጨመሯ በፊት በብርጭቆ ለኩት፤ ቀኑንና ስሟንም ጨምራችሁ ጻፉት።